የመጋረጃ ሳቢው ወንበር

ትያትር እወዳለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሰው ነበርኩ። ያም ሆኖ ያን ሰሞን ኦሃዮ ውስጥ በምንሠራበት በሪከንባከሩ ዌርሃውስ፣ በመጋዘኑ የምሳ ጠረጴዛ ላይ፣ ትያትር አይታይ ብዬ ሽንጤን ገትሬ የተከራከርኩት እኔው ነኝ።

ነገሩ ወዲህ ነው። ኒውዮርክ ላይ ታይቶ ገና ዓመት ያልሞላው አንድ የብሮድዌይ ሾው፣ በዘፈን የሚቀርብ ትያትር፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ነው፣ ወደ ኮሎምበስም ይመጣል ተባለ። ዳውንታውን ለሁለት ሳምንት ብቻ። ወሬውን ያመጣችው ከእኔ ጋር ሳጥን የምታሽግ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ኢስተን የገበያ ማዕከል ልብስ መሸጫ ውስጥ የምትሠራ ልጅ ናት። የኢስተኗ ልጅ እንላታለን። ስልኳን ከፍታ የቲኬቱን ዋጋ ስታሳየን ልጎርሰው የነበረውን ሳንዱች መልሼ ዕቃው ውስጥ ከተትኩት።

«ለሁለት ሰዓት ዘፈን?» አልኩ።

እውነቴን ነው። ፎቅ ላይ፣ ጣሪያው ሥር ያለው ወንበር እንኳ የቤቴን የሳምንት አስቤዛ ይሸፍናል። የፊተኞቹን ረድፎች ዋጋማ ጮክ ብሎ ማንበብም ያሳፍራል። የኢስተኗ ልጅ ግን ልትሰማኝ አልፈለገችም። ሥራ፣ ቤት፣ ሥራ፣ ቤት፣ ከዚህ ሌላ ምን አየን ትላለች። በስልክ ቁርጥራጩን እያየሽ አይበቃሽም ወይ ብላት፣ ትያትርን በስልክ ማየት ክትፎን በፎቶ እንደመብላት ነው አለችኝ። ታሪኩ ባለቤታቸው ያልተገኘ ደብዳቤዎችን እየከፈተች ስለምታነብ አንዲት የፖስታ ቤት ሠራተኛ እንደሆነ፣ ያዩት ሁሉ አልቅሰው እንደወጡ ነገረችን። እኔም ይሄ ትያትር አይደለም፣ ትያትር ማለት ንግግር ነው፣ ሰው እየዘፈነ ደብዳቤ አያነብም አልኳት። አልገባሽም ማለት ነው ስትለኝ ደሜ ፈላ። አንቺ ሳትወለጂ እሁድ እሁድ ከቀትር በኋላ ሰልፍ ይዤ፣ ዝናብ እየወረደብኝ ትያትር የገባሁ ሰው ነኝ፣ እኔን ነው የምታስተምሪኝ? አልኳት። በዚያ ቀን ብሬካችን ያለቀው በዚህ ነው። በማግስቱም ከዚያው ቀጠልን።

ጠረጴዛው ጫፍ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ ግን አንድ ቃል አልተነፈሱም። ብርቱካናቸውን ልጠው፣ አካፍለውን፣ ዝም። ስድሳ አምስትን የተሻገሩ፣ ዲቪ በስተርጅና የደረሳቸው ሰው ናቸው። ድሮ አዲስ አበባ ትያትር ቤት ይሠሩ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፤ ምን እንደሚሠሩ ስንጠይቃቸው ግን «እዚያው ነበርኩ» ብለው ያልፉናል። ዝምታቸውን እኔን መደገፋቸው ነው ብዬ ወሰድኩት።

ከሥራ የምንመለሰው አብረን ነው። ወደ ፒከሪንግተን በሚወስደው መንገድ ላይ ባለ አንድ አፓርትመንት ውስጥ ነው ሁለታችንም የምንኖረው። እሳቸው የዓይን ሐኪም አትንዱ ካላቸው ወዲህ መኪናቸውን ሸጠዋል። ሁለት ዓመት ሆነን፤ ጠዋት አነሣቸዋለሁ፣ ማታ አደርሳቸዋለሁ። ለነዳጁ የጋዝ ልክፈል ባሉኝ ቁጥር እቆጣቸዋለሁ።

ያን ቀን መኪና ውስጥም ክርክሬን አላቆምኩም። «አይደለም እንዴ ጋሼ? ይሄን ሁሉ ብር ማን አበደ ብሎ ይከፍላል?» አልኳቸው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ግን እንዳትስቂብኝ» አሉ።

ትያትር ቤቱ ውስጥ መጋረጃ ሳቢ ነበሩ። ሃያ ዓመት አገልግሎት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀር ጡረታ ወጡ። ከመድረኩ በስተቀኝ፣ ጨለማው ውስጥ፣ ገመዱን ይዘው ይቆማሉ። ከዚያ ቦታ የሚታየው የተዋናዩ አንድ ጆሮና አንድ ትከሻ ነው። ማን ከመብራት ሲወጣ ትከሻው እንደሚወድቅ፣ ማን ከመግባቱ በፊት እንደሚያማትብ ያውቃሉ። የሁሉንም ትያትር ቃል በቃላቸው ያውቃሉ። ወንበር ላይ ቁጭ ብለው አይተው ግን አያውቁም፤ ትያትር ባለበት ቀን ሁሉ እሳቸው ገመዱ ላይ ናቸውና። የእረፍት ቀናቸው ትያትር ቤቱ የሚዘጋበት ቀን ነበር።

«ሐኪሙ የዓይን ግፊቱ፣ ግላኮማው፣ እይታዬን ከጎን ከጎኑ እየበላው ነው ብሎኛል» አሉ። «አሁን የቀረኝ ፊት ለፊቱ ነው። እሱም እስከ መቼ እንደሚቆይልኝ አላወቀም። አንድ ቀን፣ አንዴ ብቻ፣ እንደ ሰው ከፊት ተቀምጬ ባይ ደስ ይለኛል።» ቀጥለው ደግሞ ዋጋውን እንደሰሙ፣ ይሄን ያነሡትም እንዲሁ ለጨዋታ እንደሆነ ነገሩኝ።

ከአውራ ጎዳናው መውጫችንን አልፌው ሄጄ ኖሮ ሦስት ማይል ያህል ዞሬ ነው የተመለስኩት። እሳቸው መንገድ መሳቴን አላነሡብኝም።

ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ እኔ በአማርኛ አወራለሁ፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች፣ እንግባባለን። ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሣ፣ ሎተሪ አለውኮ አለችኝ። እያንዳንዱ ሾው ከመታየቱ ሁለት ቀን በፊት የፈለገ ሰው ስሙንና ኢሜይሉን ይሞላል፣ በማግስቱ ጠዋት ዕጣ ይወጣል። የደረሰው ሰው ከፊት ሁለት ወንበር በርካሽ ያገኛል። የደረሰው በኢሜይል ይነገረዋል፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካልከፈለ ግን ለሌላ ይሰጥበታል። ይሄን ሁሉ አንድ በአንድ ነግራኛለች። እኔም ሰምቻለሁ።

በማግስቱ ለጠረጴዛችን ሳወራ ሳቅ በሳቅ ሆንን። ሦስታችንም የዲቪ ሰዎች ነን። የኢስተኗ ልጅ «እኛ ዕድላችንን ቦሌ ላይ ጨርሰን አይደል እንዴ የመጣነው?» አለች። እኔም ከዚህ በኋላ ሎተሪ የሚባል ነገር ለእኛ ቢወጣ ሌላው ሰው ሊከሰን ይገባል አልኩ። ጋሼ ግን ብርቱካናቸውን አስቀምጠው «እኔንም መዝግቡኝ» አሉ። ሳቃችን ቀጥ አለ።

ቅዳሜ ዕለት ልጄ ቤታቸው ሄዳ ኢሜይል አወጣችላቸው፣ ፎርሙንም እንዴት እንደሚሞሉ አሳየቻቸው። ስማቸው ፓስፖርታቸው ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል፣ እስከ አያት ካልተጻፈ ብለው አስጨነቋት። ፎቶ አያስፈልግም ወይ? ያለ መነጽር? ከጀርባ ነጭ ግድግዳ? ልጅቷ ቤት መጥታ እስኪያማት ሳቀች። የዲቪን ፎርም የሞላ ሰው ግን ያውቀዋል፤ እኔም ብሆን መጀመሪያ የሞላሁ ቀን ስሜን ሦስት ጊዜ መላልሼ አንብቤዋለሁ። ሾው መታየት ከጀመረበት ቀን አንሥቶ በየቀኑ ሦስታችንም ሞላን። አንደኛው ሳምንት ባዶ አለፈ። በየጠዋቱ መኪና ውስጥ ሲገቡ «ዛሬስ?» ይሉኛል፣ እኔም «ገና ነው ጋሼ» እላለሁ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ቀን ነው። ሥራችን ላይ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለሆነ ሁሉም ሰው ሎከሩ ውስጥ ቆልፎበት ነው የሚተወው፣ የሚያየው ብሬክ ላይ ብቻ ነው። ላንች ላይ ጋሼ ፊታቸው በርቶ መጡ። ከተቀመጡም በኋላ ብርቱካኑን አላወጡም።

«ሌቦቹ ዛሬ እኔን አገኙኝ» አሉ።

በጠዋቱ ብሬክ ስልካቸውን ሲከፍቱ መልእክት ደርሷቸዋል። እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሎተሪው ደርሶዎታል ይላል። በአንድ ሰዓት ውስጥ በካርድ ይክፈሉ ይላል። «እኔ ደግሞ የማይገባኝ መስሏቸው!» አሉና ሳቁ። «ሰረዝኩት።»

ይሄን የማያውቅ ሰው ሊስቅባቸው ይችላል። እኛ ግን ከየት እንደመጣ እናውቃለን። የዲቪ ሰው የመጀመሪያው ትምህርቱ ይሄ ነው፤ ዲቪ ደረሰህ ብሎ ማንም አይጽፍልህም፣ ራስህ ገብተህ ነው የምታየው። ደረሰህ፣ ቶሎ ክፈል ብሎ የጻፈልህ ሌባ ነው። ጋሼ ደግሞ ይሄን የተማሩት በገንዘባቸው ነው። ከዓመታት በፊት እንደዚህ ያለ መልእክት ደርሷቸው፣ ያላቸውን ቴፕ ሸጠው ከፍለው፣ ሦስት ወር ፖስታ ቤት ተመላልሰዋል። ከዚያ ወዲያ ደረሰህ የሚላቸውን ሁሉ ሊሰርዙ ምለዋል። ሐሙስ ዕለት መሐላቸውን ጠበቁ፣ ኮሩም።

አፌን ከፍቼ ልጮህ ስል የኢስተኗ ልጅ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ። እሷም ገብቷታል። ፊቷ ተለዋውጦ ነበር።

ልጮህ የነበረው በእሳቸው ላይ አይመስለኝም። ልጄ እኮ ነግራኛለች። መልእክት ይመጣል፣ ሰዓቱ አጭር ነው ብላ ነግራኛለች፤ እኔ ደግሞ መቼም አይደርሰንም ብዬ ስላመንኩ ለጋሼ አላስተላለፍኩም። በየጠዋቱ «ገና ነው» እያልኩ እየነዳሁ፣ ያቺን አንድ አረፍተ ነገር ሳልነግራቸው ቀረሁ። ራሴን በጥፊ ብመታ ደስ ይለኝ ነበር።

የነካኩት ነገር እንዳይኖር ልይልዎ ብዬ ስልካቸውን ተቀበልኩ። ከተሰረዙት ውስጥ አገኘሁት። ሁለት ወንበር፣ ለዓርብ፣ አራተኛ ረድፍ። ሰዓቱ ያለፈው እኛ ሳጥን ስናሽግ ነው።

«አየሽው? ሌባ ነው አይደል?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ ሌባ ነው» አልኳቸው።

ያን ቀን ማታ ከመኪና ሲወርዱ፣ ይሄ ሎተሪ ለሌባ በር ከፍቶብኛልና ከእንግዲህ አልሞላም አሉኝ። ሾው የሚያበቃው እሁድ ነው። በማግስቱ በጠዋቱ ብሬክ ሎከሬ አጠገብ ቆሜ፣ ካርዴን አውጥቼ፣ የእሁድ ከሰዓት ሁለት ወንበር ገዛሁ። ሦስተኛ ረድፍ፣ መሀል። ለመኪናዬ የበረዶ ጊዜ ጎማ ያስቀመጥኩት ብር ነበር፤ ሂድ አልኩት። የኢስተኗ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ስታይ ኖሯል። «ለሁለት ሰዓት ዘፈን?» አለችኝ በጆሮዬ። ዝም በይ አልኳት። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፣ እኔም ብሆን ደህና አልነበርኩም።

መኪና ውስጥ ሎተሪው ለእኔ ወጣልኝ አልኳቸው። ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ቀበቷቸውን ይዘው ወደኔ ዞሩ። ማን ነገረሽ? መልእክት መጣልኝ። ከፈልሽ? ከፈልኩ። እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጭነው «ተበላሽ» አሉ። ባንክ ደውዪ፣ ካርዱን አዘጊ፣ ዛሬውኑ። ቅዳሜም ሁለት ጊዜ ኮል አደረጉልኝ፣ ደወልሽ ወይ ብለው። ስልኩን ዘግቼ፣ እስኪንፈራፈሩ መሳቅ የሚሉትን ነገር ያን ቀን በራሴ አየሁት። ለማንኛውም ብለው ግን ሱፋቸውን ተኩሰው አዘጋጅተዋል።

እሁድ ሄድን። ከፓርኪንጉ እስከ በሩ ድረስ ክንዴን ይዘው ነው የሄዱት፤ ከጎን የሚመጣ ሰው ስለማይታያቸው ይጋጫሉ። ሰልፉ ላይ ከኋላዬ ቆሙ። በኋላ እንደነገሩኝ፣ ሲመልሱን እሷ አታውቅም፣ ተታልላ ነው ብለው ስለኔ ይቅርታ ሊጠይቁ እንግሊዝኛውን በልባቸው እያዘጋጁ ነበር። በሩ ላይ ያለችው ሴት ስልኬን ስካን አደረገች። ጢጥ አለ። እንኳን ደህና መጣችሁ ብላ እጇን ዘረጋች። እኔ ገባሁ።

ጋሼ አልተንቀሳቀሱም። ከኋላቸው ያለው ሰው ይቅርታ እስኪላቸው ድረስ ቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ገብተው ምንጣፉ ላይ፣ ሰው ሁሉ በሚተላለፍበት መሀል፣ እንደገና ቆሙ።

«እንግዲያው የኔም እውነት ነበር» አሉ።

ይሄን አላሰብኩበትም ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ ውሸቴን ስፈትል ሁለት ቀን ስከርም ይሄ አንድ ጊዜ እንኳ ውል አላለኝም። የኔ ሎተሪ እውነት ከሆነ የእሳቸውም እውነት ነው። ላድናቸው ብዬ የሠራሁት ነገር ዞሮ እዚያው በሩ ላይ መታቸው።

«ሁለት ሰው ነበር የሚለው» አሉ ቀጥለው። «ሁለተኛው ላንቺ ነበር። የጋዝ አልቀበልም ስትዪኝ፣ በዚህ እንኳ ልካስሽ ብዬ ነው የሞላሁት። እኔው በገዛ እጄ ሰረዝኩት።»

አንጀቴን በሉት። ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ለእኔ ምንም አልወጣልኝም። የወጣው ለእርስዎ ነው፤ እንዴት እንደሚመጣ ሳልነግርዎ የቀረሁት እኔ ነኝ። ይሄን ገዝቼው ነው» አልኳቸው።

«ከጣሪያው ሥር?»

«ሦስተኛ ረድፍ።»

እጃቸውን ወደ መነጽራቸው አነሡና «ለዚህ ዓይን?» አሉኝ።

«ለዚህ ዓይን» አልኩና እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

አልተቆጡኝም። አላመሰገኑኝምም። ክንዴን መልሰው ያዙና፣ ነይ እንግባ፣ ከተጀመረ በኋላ ሰው እያስነሡ መግባት ነውር ነው አሉኝ።

መጋረጃ አልነበረም። ስንገባ መድረኩ ክፍት ነው፤ የፖስታ ቤቱ መስኮት፣ የደብዳቤ ከረጢቶች፣ አንድ ወንበር፣ ሁሉም ቁጭ ብሎ ይታያል። ጋሼ ቅር ተሰኙ። መጋረጃ የሌለው ትያትር በር እንደሌለው ቤት ነው ብለው አጉረመረሙ። መብራቱ ሲጠፋ ግን ወደፊት ተደገፉ፤ ከዚያ በኋላ ጀርባቸው ወንበሩን አልነካም። እንግሊዝኛው ይፈጥናል፣ እኔ ግማሹ አልገባኝም፣ እሳቸው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው የገባቸው። አንድ ጊዜም ምን አለች ብለው አልጠየቁኝም። ሴትዮዋ ለማንም ያልደረሰ ደብዳቤ ከፍታ ወደ እኛ እያየች ስትዘፍን ከንፈራቸው አብሮ ይንቀሳቀስ ነበር። አለቃዋ ደብዳቤውን ሊቀድ ሲል ጮክ ብለው በአማርኛ «ተው እንጂ!» አሉ፣ ከፊታችን ያሉት ባልና ሚስት ዞረው አዩን። እኔም ዓይኔን አፍጥጬ መልሼ አየኋቸው። ለክርክሩም ያህል፣ ሰው እየዘፈነ ደብዳቤ ያነባል። ተሸንፌያለሁ፣ ለኢስተኗ ልጅ ሰኞ ጠዋት ነግሬያታለሁ።

ሲያበቃ ተዋናዮቹ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደፊት መጡና ጎንበስ አሉ። ሕዝቡ ሁሉ ቆሞ ያጨበጭባል። ጋሼ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ተደግፈው ቆሙ። ዋናዋ ተዋናይ ላብና እንባዋ ተቀላቅሎ፣ እየሳቀች፣ በቀጥታ ወደኛ ታያለች።

«እኔ ጀርባቸውን ነበር የማውቀው» አሉኝ ከጭብጨባው በላይ እንድሰማቸው ጮክ ብለው። «ሲጨበጨብላቸው ፊታቸው እንዲህ ይሆናል?»

እንዲህ ይሆናል አልኳቸው። መዳፋቸው እስኪቀላ አጨበጨቡ። ተዋናዮቹ ገብተው ካለቁ በኋላ እንኳ ትንሽ ቀጠሉ።

ከዚያ ሰዉ መውጣት ጀመረ። መብራቱ በራ። ኮቴን አንሥቼ እንሂድ ስል ጋሼ ተቀምጠዋል፤ ከወገባቸው ጀምረው ሙሉ ሰውነታቸውን ወደኔ ለማዞር ይታገላሉ። ጎናቸው ያለ ሰው የሚታያቸው እንደዚያ ሲያደርጉ ብቻ ነው።

«እስቲ ቁጭ በይና ወደኔ ዙሪ» አሉኝ።

«ምነው ጋሼ? ደህና ነዎት?»

«ሁለት ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ ስሄድ አንድ ቀን ፊትሽን በደንብ አላየሁትም። ዓይኔ እያለ ልይሽ።»

ተቀመጥኩና ዞርኩላቸው። አስተናጋጆቹ ከወንበሮቹ መሀል የወዳደቀ ወረቀት እየለቀሙ ወደኛ ረድፍ ደርሰው ነበር። ጋሼ ግን አልቸኮሉም።